12 ክሬዲት ወይስ 15? አሜሪካ ኮሌጅ ለምትጀምሩ የክላስ ፕሮግራም አመራረጥ

ዲቪ ደርሶት ወይም በቤተሰብ ተጠርቶ አሜሪካ የገባ ሰው ኮሌጅ ሲመዘገብ ግር የሚለው አንድ ነገር አለ። ፕሮግራሙን የሚያወጣው ራሱ ነው። አገር ቤት ዩኒቨርሲቲ የገባ ፍሬሽማን ሴክሽኑ ይነገረዋል፣ ፕሮግራሙ ይለጠፋል፣ ባቹ ወደሚሄድበት አብሮ ይሄዳል። እዚህ ግን ለአንድ የእንግሊዝኛ ኮርስ ብቻ ብዙ ሴክሽን ኮምፒውተሩ ላይ ተደርድሮ ይጠብቃል። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ካምፓሱን፣ አስተማሪውን፣ የክሬዲቱን ብዛት የሚመርጠው ተማሪው ነው። አማካሪ አለ፤ መጠየቅም ያስፈልጋል። አማካሪው ግን ሺፍታችሁን፣ የምትጠብቁትን አውቶቡስ፣ ቤት ያለውን ሕፃን ካልነገራችሁት አያውቅም።

ይህን የምጽፈው በተለይ ዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ ላላችሁ ነው። ሜሪላንድ ያለው ሞንትጎመሪ ኮሌጅና ቨርጂኒያ ያለው ኖቫ (ኖርዘርን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ) ብዙ የሐበሻ ልጅ የሚማርባቸው ናቸው። ሌላ ስቴት ላላችሁም አብዛኛው ይሠራል፤ የቀን ገደቡንና ክፍያውን ብቻ ከየኮሌጃችሁ አጣሩ። ሰዓቱን ሁሉ በአሜሪካ አቆጣጠር ነው ያስቀመጥኩት።

12 ወይስ 15?

አሶሼት ዲግሪ አብዛኛውን ጊዜ 60 ክሬዲት ነው። በሁለት ዓመት፣ ማለትም በአራት ሴሚስተር ለመጨረስ በየሴሚስተሩ 15 መውሰድ ያስፈልጋል። ለፌዴራል የትምህርት እርዳታ ግን 12 የያዘ ተማሪ ፉል ታይም ነው። በ12 ብቻ ከቀጠላችሁ በአራት ሴሚስተር 48 ላይ ትደርሳላችሁ። 12 ክሬዲት ይጎድላል። ስለዚህ «15 ካልያዝክ ትዘገያለህ» የሚሉ ሰዎች መሠረት አላቸው። ቤተሰብም «ቶሎ ጨርሺና እፎይ በዪ» ይላል።

እስቲ ሰዓቱን እንቁጠረው። በፌዴራሉ መመሪያ መሠረት አንድ ክሬዲት ማለት በሳምንት 1 ሰዓት ክላስና ቢያንስ 2 ሰዓት ከክላስ ውጭ የሚሠራ ሥራ ነው። 12 ክሬዲት በሳምንት 36 ሰዓት ይወስዳል፣ 15 ደግሞ 45። ሳምንቱ 168 ሰዓት አለው። በቀን 7 ሰዓት ብትተኙ 49ኙ ሄደ። ፉል ታይም የምትሠሩ ከሆነ 40 ሄደ። በ12 ክሬዲት 43 ሰዓት ይተርፋችኋል፣ በ15 ደግሞ 34። 34 ሰዓት ለሰባት ቀን ሲካፈል በቀን አምስት እንኳ አይሞላም። መንገዱ፣ ምግብ ማብሰሉ፣ ልብስ ማጠቡ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ወይም መስጊዱ፣ አገር ቤት መደወሉ ሁሉ ከዚያ ነው የሚወጣው። ደግሞ ያ ለአንድ ክሬዲት የታሰበው 2 ሰዓት ገና በቋንቋው እየተለማመደ ላለ ሰው አይበቃም። አሜሪካ ተወልዶ ያደገ ተማሪ በአንድ ቁጭታ የሚያልፈው የሳይኮሎጂ ምዕራፍ ለእናንተ ሁለት ማታ ሊፈጅ ይችላል። የጉብዝና ጉዳይ አይደለም፤ ከጥቂት ሴሚስተር በኋላ ፍጥነቱ ይመጣል።

ገንዘቡንም አስቡት። ፔል ግራንት የሚባለው የማይመለስ የፌዴራል የትምህርት እርዳታ ከ2024–25 የትምህርት ዓመት ጀምሮ የሚሰላው በያዛችሁት ክሬዲት ልክ ነው። 12 ከያዛችሁ ሙሉውን፣ 9 ከያዛችሁ 75 በመቶውን፣ 6 ከያዛችሁ ግማሹን ታገኛላችሁ። ለ2025–26 የዓመቱ ጣሪያ 7,395 ዶላር ነው፤ የእያንዳንዱ ድርሻ እንደ ቤተሰቡ ገቢ ይለያያል። ከ12 በላይ ብትይዙ በዚያ ሴሚስተር የሚጨመር ፔል የለም። ሞንትጎመሪም ኖቫም ግን የሚያስከፍሉት በክሬዲት ስለሆነ አምስተኛው ኮርስ ሂሳቡን ከፍ ያደርገዋል። ብዙ ባለአራት ዓመት ዩኒቨርሲቲዎች ላይ ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ ከ12 ክሬዲት ጀምሮ እስከ ተወሰነ ጣሪያ ድረስ አንድ ዋጋ ስለሚከፈል 15 መያዝ ያዋጣል።

ብዙ ሰው የማያየው አደጋ ደግሞ እርዳታውን የማጣት ነው። እርዳታ የሚወስድ ተማሪ በኮሌጁ የውጤት መለኪያ ይመዘናል። የተለመደው መለኪያ ጂፒኤ 2.0ና ከተመዘገባችሁበት ክሬዲት 67 በመቶውን ማለፍ ነው። ገንዘብ ከሚመለስበት የቀን ገደብ በኋላ ያቋረጣችሁት ኮርስ ደብሊው (W፣ «አቋርጧል» ማለት ነው) ሆኖ ይመዘገባል። ጂፒኤ አይነካም፤ ግን «ሞክሮ ያልጨረሰው» ተብሎ ይቆጠራል። አንድ ልጅ 15 ክሬዲት ይዞ ከሚድ በኋላ ሁለት ኮርስ ቢያቋርጥ 9 ከ15 ይሆናል። 60 በመቶ ነው፣ ከመስመሩ በታች። በ12 ጀምሮ አንድ ቢያቋርጥ ግን 9 ከ12፣ 75 በመቶ ይሆናል። እኩል 9 ክሬዲት ጨርሰዋል። አንደኛው ማስጠንቀቂያ ይደርሰዋል፣ ሌላኛው አይደርሰውም።

ስለዚህ ለመጀመሪያው ሴሚስተር የኔ ምርጫ 12 ነው። መዘግየቱ የሚያሳስባችሁ ከሆነ በሰመር 6 ክሬዲት ጨምሩ። 12፣ 12ና 6 ሲደመር 30 ነው፤ በዓመት 15 እና 15 ከያዘው ጋር እኩል ትሄዳላችሁ። የዓመቱን ፔል በፎልና በስፕሪንግ የጨረሰ ሰው በሰመር ቢያንስ ግማሽ ሎድ፣ ማለትም 6 ክሬዲት ከያዘ ተጨማሪ ፔል ሊያገኝ ይችላል። 15ን ለሁለተኛው ሴሚስተር አቆዩት። ሥራ የማትሠሩ፣ ከቤተሰብ ጋር የምትኖሩ፣ እዚሁ ሃይስኩል የጨረሳችሁ ከሆነ ግን ከመጀመሪያውም 15 ብትይዙ አልቃወምም።

በሳምንት 40 ሰዓት ለምትሠሩ 12 ራሱ ይበዛል። 9 ያዙ፤ ልጅ ካላችሁ 6። «ሙሉ ፔል እንዳያመልጠኝ» ብሎ 12 የሚይዝ ብዙ ነው። ያልተጠቀማችሁበት አይቃጠልም። ፔል በዕድሜ ልክ የሚፈቀደው ለ12 ሙሉ ሴሚስተር ያህል ነው፤ በግማሽ ሎድ የተማረ ሰው ከዚያ ላይ የሚቀነስበትም ግማሽ ነው።

ክሬዲቱ ያነሰው ሊከብድ ይችላል

ሁለት ፕሮግራም ጎን ለጎን አስቀምጡ። የመጀመሪያው ባዮሎጂ ከነላቡ 4፣ ኬሚስትሪ ከነላቡ 4፣ እንግሊዝኛ 3 ነው። ድምሩ 11። ሁለተኛው እንግሊዝኛ 3፣ ሒሳብ 3፣ ሳይኮሎጂ 3፣ ስፒች 3 ነው። ድምሩ 12። ቁጥሩን ላየ ሁለተኛው የሚከብድ ይመስላል። ነገር ግን ባለላብ ኮርስ አብዛኛውን ጊዜ 3 ሰዓት ሌክቸርና 3 ሰዓት ላብ አለው። የመጀመሪያው ተማሪ በሳምንት 15 ሰዓት ክላስ ይቀመጣል፣ ሁለተኛው 12። ላብ ሪፖርቱ ገና አልተጨመረም። ይባስ ብሎ 11 ክሬዲት ከ12 በታች ስለሆነ የመጀመሪያው ፉል ታይም አይባልም። ብዙ ለፍቶ ያነሰ እርዳታ ያገኛል ማለት ነው።

በመጀመሪያው ሴሚስተር ከአንድ በላይ ባለላብ ኮርስ አትያዙ። ብዙ ማንበብ፣ ብዙ መጻፍና ብዙ ማስላት የሚጠይቁትን አቀላቅሉ። ሶስቱም ኮርሶች ድርሰት የሚያጽፉ ከሆነ ሁሉም በአንድ ሳምንት ወረቀት ይጠይቃሉ።

«ቀላሉን ልጀምርና ሒሳቡን ቆይቼ እወስዳለሁ» የሚለው ምርጫም መመዘን አለበት። ነርሲንግ የሚፈልግ ሰው ባዮሎጂ ሳይወስድ ብዙ ቦታ ወደ አናቶሚ አይገባም። አናቶሚ አንድን ሳይጨርስ ሁለትን አይወስድም። ኮምፒውተር ሳይንስ የሚፈልግ ከፕሪካልኩለስ ወደ ካልኩለስ አንድ፣ ከዚያ ወደ ሁለት ነው የሚሄደው። እያንዳንዷ ደረጃ አንድ ሴሚስተር ትበላለች። በመጀመሪያ ሴሚስተር የተዘለለች ሒሳብ መጨረሻ ላይ ስድስት ወር ወይም ዓመት ታስጠብቃለች። ጥሩ የመጀመሪያ ፕሮግራም ቢያንስ አንድ ወደፊት በር የሚከፍት ኮርስ አለው፤ የቀሩት ቀለል ይበሉ። እንግሊዝኛ 101 ራሱ ለብዙ ኮርሶች ቁልፍ ነው። የምደባ ፈተናችሁ ወደ ኢኤስኤል (እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ላልሆነ የሚሰጥ የቋንቋ ትምህርት) ከመራችሁ ደግሞ አትናደዱበት። ኢኤስኤሉን በደንብ ጨርሶ የሄደ ልጅ በኋላ ወረቀት ሲጽፍ አይሰቃይም።

አገር ቤት ኮሌጅ የተማራችሁ ካላችሁ ከመመዝገባችሁ በፊት ትራንስክሪፕታችሁን አስገምግሙ። ኮሌጁ የሚቀበለውን ገምጋሚ ድርጅት ጠይቁና ኮርስ በኮርስ የሆነውን ዓይነት ምረጡ። አገር ቤት የወሰዳችሁትን ሒሳብ ሊቆጥሩላችሁ ሲችሉ እንደገና ገንዘብ ከፍላችሁ አትማሩት።

ጠዋት ወይስ ማታ? ሺፍቱን ጠይቁት

በዚህ አካባቢ ብዙ ልጆች በነርሲንግ ሆምና በሆስፒታል ሲኤንኤ (ረዳት ነርስ) ሆነው ይሠራሉ። የተለመዱት ሶስት ሺፍቶች ከጠዋቱ 7 እስከ 3፣ ከ3 እስከ ማታ 11፣ ከ11 እስከ ጠዋት 7 ናቸው። ለሶስቱም አንድ ዓይነት ፕሮግራም አይሆንም።

ከ3 እስከ 11 ለምትሠራ ልጅ የጠዋት ክላስ ይስማማታል፤ የ8 ሰዓቱ ግን አይስማማትም። 11 ላይ ወጥታ፣ ቤት ደርሳ፣ ሻወር ወስዳ ስትተኛ 12:30 ያልፋል። ለ8 ሰዓት ክላስ 6:30 መነሳት አለባት። ይልቅ ሰኞና ረቡዕ ከ10:00 እስከ 11:15 አንድ፣ ከ11:30 እስከ 12:45 ሌላ ክላስ ትያዝ። ምሳዋን እዚያው ትብላ፣ እስከ 2 ሰዓት ላይብረሪ ትቀመጥ፣ ከዚያ ወደ ሥራ ትሂድ። ያቺ ከምሳ በኋላ ያለች አንድ ሰዓት ትንሽ ትመስላለች። ግን አስተማሪው የተናገረው ገና ከጭንቅላት ሳይወጣ የሚከለስባት ሰዓት ናት።

ከ11 እስከ 7 የሚሠራ ሰው ብዙ ጊዜ እንዲህ ያስባል፦ «7 ላይ ወጥቼ 8 ላይ ክላስ እገባለሁ፣ 12 ላይ ጨርሼ እተኛለሁ።» በወረቀት ላይ ያምራል። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታትም ያስኬዳል። ሚድ ሲደርስ ግን ሰውየው ክላስ ውስጥ እያንቀላፋ ነው፤ ከዚያ መፎረፍ ይጀምራል። ሌሊት የሚሠራ ሰው መጀመሪያ መተኛት አለበት። ከጠዋቱ 8:30 እስከ 3:30 ይተኛ፣ 5 ሰዓት ወይም 6:30 የሚጀምር ክላስ ይያዝ፣ 9 ሰዓት ገደማ ሲያልቅ ከሥራ በፊት የሚተነፍስበት ጊዜ ይኖረዋል።

ከ7 እስከ 3 የሚሠሩ የማታውን ይይዛሉ፣ ሌላ ምርጫም ብዙ የለም። ማታ በሳምንት አንዴ የሚሰጥ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል የሚረዝም ክላስ አለ። በሳምንት ሁለቴ ከሚሰጠው የ75 ደቂቃ ክላስ ጋር ሲነጻጸር መንገድ ይቆጥባል። ግን አንድ ቀን ቀረ ማለት የሳምንቱ ትምህርት በሙሉ ቀረ ማለት ነው። ሒሳብን በሳምንት አንዴ አትማሩት። በሁለቱ ክላሶች መካከል ስድስት ቀን ሲያልፍ ይረሳል። ታሪክ ወይም ሶሲዮሎጂ ከሆነ ችግር የለውም።

ሙስሊም ተማሪዎች የስፕሪንጉን የማታ ክላስ ከመያዛችሁ በፊት ረመዳንን እዩ። በ2027 የሚውለው በፌብሩዋሪና በማርች ነው። በዚያ ወቅት ዲሲ አካባቢ ፀሐይ የምትጠልቀው 6 ሰዓት ገደማ ስለሆነ የ6 ሰዓቱ ክላስ ከኢፍጣር ጋር ይገጥማል። ኦርቶዶክሶችም ፋሲካን ተመልከቱ። በ2027 ሜይ 2 ነው። ሰሙነ ሕማማት የሴሚስተሩ የመጨረሻ ወረቀቶች ከሚረከቡበትና ፋይናል ከሚቃረብበት ጊዜ ጋር ይገጣጠማል። እንቁጣጣሽና መስቀል ደግሞ ፎል ሴሚስተር ላይ ናቸው፤ ኮሌጁ አይዘጋላችሁም። ለአስተማሪው በመጀመሪያው ሳምንት በኢሜል ከነገራችሁት ብዙዎቹ ይተባበራሉ። በዋዜማው ከነገራችሁት ግን ሰበብ ይመስላል።

በሁለት ቀን መጨረስ ወይስ በአራት መበተን

ፕሮግራም ስትመርጡ ቀኖቹ በእንግሊዝኛ ፊደል ተጽፈው ታያላችሁ። ቲ ማክሰኞ ነው፣ አር ደግሞ ሐሙስ። በዚህ ተሳስቶ በሌላ ቀን ክላስ የሄደ አዲስ ተማሪ ብዙ ነው።

አራት ኮርስ ማክሰኞና ሐሙስ ላይ መቆለል የሚያጓጓ ነገር አለው። ሌሎቹ ቀኖች ለሥራ ነፃ ይሆናሉ። ከዉድብሪጅ ወይም ከጀርመንታውን ርቃችሁ የምትመጡ ከሆነ የመንገዱ ቁጠባ ትልቅ ነው። ዋጋው ግን አለ። አራት ክላስ ማለት ከእረፍቱ ጋር ከጠዋት እስከ አመሻሽ ነው፤ አራተኛው ላይ ጆሮ ይደክማል። በእንግሊዝኛ ቀኑን ሙሉ ማዳመጥ ራሱ ሥራ ነው። ሚዶቹ ሁሉ በአንድ ቀን ይወድቃሉ። አንድ ማክሰኞ መኪና ከተበላሸ ወይም ልጅ ከታመመ አራቱም ኮርስ ይጎዳል።

እኔ የምመክረው በአካል የሚሰጡ ሶስት ክላሶችን በሁለት ቀን፣ አራተኛውን ኦንላይን ማድረግ ነው። በክላሶች መካከል ያለው ክፍተት ከአንድ ሰዓት ተኩል አይብለጥ። የአራት ሰዓት ክፍተት ሰውን ወደ ቤት ይወስዳል፣ ቤት አልጋ አለ።

ካምፓሱንም እዩ። ሞንትጎመሪ ሮክቪል፣ ጀርመንታውንና ታኮማ ፓርክ/ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ ካምፓስ አለው። ኖቫም አሌክሳንድሪያ፣ አናንዴልና ሌሎችም አሉት። መኪና የሌላችሁ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ የምትኖሩ ከሆነ እዚያው ያለውን ሴክሽን ሰዓቱ ባይመችም አስቀድሙ። መኪና ያላችሁም በአንድ ቀን ሁለት ካምፓስ አትያዙ። የ270ና የ495 መንገድ ከሰዓት በኋላ በካርታው ላይ እንደሚታየው አይደለም።

በአካል ወይስ ኦንላይን?

ኦንላይን ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ በዙም የተወሰነ ሰዓት አለው። ሌላው የክላስ ሰዓት የለውም፤ ቪዲዮው ተጭኗል፣ ማስረከቢያ ቀን አለ፣ የቀረው የእናንተ ነው። ሁለተኛው ለሠራተኛ የተሠራ ይመስላል። ለጠንካራ ተማሪም በእርግጥ ይመቻል። ግን አዲስ ለመጣ ሰው የሚጎድሉት ነገሮች አሉ። አጠገቡ የሚጠይቀው ልጅ የለም። የአስተማሪውን አነጋገር ለመልመድ፣ እጅ አውጥቶ ለመጠየቅ፣ ከክላስ በኋላ ቢሮ ለመሄድ የሚያስገድደው የለም። «እሁድ እሠራዋለሁ» እየተባለ ሶስት ሳምንት ያልፋል። እንግሊዝኛና ሒሳብ በመጀመሪያው ሴሚስተር በአካል ቢሆኑ እመርጣለሁ። ካምፓስ ላይ ነፃ የማስጠኛ ማዕከል አለ፤ ወረቀታችሁን ከማስረከባችሁ በፊት የሚያይላችሁ ሰው እዚያ ይቀመጣል። በአካል የሚመጣ ተማሪ መንገድ ላይ ጎራ ይልበታል። ኦንላይኑን እንደ ሳይኮሎጂ ላለ፣ አንብቦ መልስ መስጠት ለሚበቃው አንድ ኮርስ ተዉት።

በኤፍ ዋን (የተማሪ) ቪዛ ያላችሁ ምርጫችሁ ጠባብ ነው። በሴሚስተር ቢያንስ 12 ክሬዲት መያዝ አለባችሁ፤ ከዚያ ውስጥ በሙሉ ኦንላይን የሆነ ሊቆጠርላችሁ የሚችለው አንድ ኮርስ ብቻ ነው። ማንኛውንም ኮርስ ከማቋረጣችሁ በፊት የውጭ ተማሪዎችን ቢሮ አነጋግሩ። መኖሪያ ፈቃዳችሁ የተመሠረተበት ነገር ስለሆነ በጓደኛ ምክር አይወሰንም።

የ7 ሳምንት ኮርስ የሚባልም አለ። የ15 ሳምንቱን ትምህርት በግማሹ ጊዜ ይጨርሳል፣ ስለዚህ ባለ 3 ክሬዲቱ በሳምንት 18 ሰዓት ገደማ ይጠይቃል። አንድ ሳምንት መታመም ሁለት ሳምንት ያስቀራል። ሰመር ላይ ብቻውን ከያዛችሁት ጥሩ ነው። ሒሳብና አናቶሚ ላይ አትሞክሩት።

ከመጀመሪያው ሳምንት በኋላ

ፕሮግራሙ ስትመዘገቡ አያልቅም። በመጀመሪያው ሳምንት ሲለበሶቹ (የየኮርሱ ዝርዝር እቅዶች) እጃችሁ ሲገቡ የሁሉንም ኮርስ ፈተናና ማስረከቢያ ቀን በአንድ ወረቀት ላይ ጻፉ። ሶስት ነገር በአንድ ሳምንት ከተደራረበ ያኔ ታዩታላችሁ። ሁለት ቀኖችንም ጻፉ። አንደኛው ገንዘብ ሙሉ የሚመለስበትና ኮርሱ ከመዝገብ የሚጠፋበት የመጨረሻ ቀን ነው። ሁለተኛው በደብሊው ማቋረጥ የሚቻልበት የመጨረሻ ቀን ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ገንዘብም እርዳታም ነው። ኮርስ ድሮፕ የምታደርጉ (የምትለቁ) ከሆነ ገንዘብ ሙሉ የሚመለስበት ቀን ሳያልፍ አድርጉት። እንዲህ ስታደርጉ ከ12 በታች ከወረዳችሁ ፔሉ እንደሚቀንስ አትርሱ።

የሚለቀቀውን ስትመርጡ ደግሞ በጣም የከበዳችሁን ብላችሁ አትጀምሩ። ሒሳቡ ከብዷችሁ ሶሲዮሎጂው ቀሎ ከሆነ፣ ሒሳቡ ደግሞ ለሚቀጥለው ሴሚስተር በር የሚከፍተው ከሆነ፣ የሚለቀቀው ሶሲዮሎጂው ነው። በተረፈው ሰዓት የማስጠኛ ማዕከሉን ቀጠሮ ያዙና ሒሳቡ ላይ ቆዩ። ሶሲዮሎጂ ሰመርም ይሰጣል።